በልጆቻችን ሒሳብ የተፈረመ ፊርማ

ለአማራ ክልል ከተሞች የእግር ኳስ ክለቦች የቦርድ አመራሮች፣ ክለቦቹን በበጀት ለያዛችሁ ከንቲባዎች
ለክልሉ ወጣቶችና ስፖርት ቢሮ
ለኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ አክሲዮን ማኅበርና ለኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን

ጉዳዩ፦ ለኮከብ ተጫዋች ስለሚወጣው ገንዘብና በደጅ ስለቀሩት ልጆች



የምጽፍላችሁ ከቆቦ ነው። ብዙዎቻችሁ ቆቦን የምታውቋት ከወልድያ ወደ አላማጣ ስታልፉ በመኪና መስኮት ነው፤ ግራ ቀኙ ማሽላ፣ በስተምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ ቀኑን ሙሉ ንዳድ። እኔ እዚህ መምህር ነኝ። ከትምህርት ሰዓት በኋላ ታዳጊዎችን ኳስ አሠለጥናለሁ፣ ያለ ክፍያ። ይህን ማለቴ ምስጋና ፈልጌ ሳይሆን ከየትኛውም ክለብ የምጠብቀው ጥቅም እንደሌለ እንድታውቁልኝ ነው።

የምጽፈው ሐዘን ላይ ሆኜ ነው። ከልጆቼ አንዱ የለም። ስሙን አልጠራም፤ የእናቱን ቁስል በአደባባይ መነካካት አልሻም። ግራኝ ነበር። ከጓደኛው ጋር አንድ ጥንድ ታኬታ ለሁለት ይጫሙ ነበር፤ እሱ ግራውን፣ ጓደኛው ቀኙን፣ ሌላው እግራቸው ባዶውን። በበጋ ሆርማት ወንዝ ሲደርቅ አሸዋው ላይ እንለማመዳለን። አሸዋ ላይ ኳስ አትንከባለልም፣ ትሰምጣለች። እሱ ግን ኳሷን በእግሩ ጫፍ ከአሸዋው ጨልፎ ያነሣና መሬት ሳታስነካ በወዲያኛው ዳር የቆመ ጓደኛው ደረት ላይ ያሳርፋታል። ብዙ ልጆች በእጄ አልፈዋል፤ እንደሱ ያለ አላየሁም።

አንድ የከተማ ክለብ ለሙከራ ወሰደው። የክለቡን ስም አልጽፍም፤ ነገሩ የአንድ ክለብ ብቻ አይደለምና። የታዳጊ ቡድኑ አሠልጣኝ ወዶት ነበር። ሙከራው ሲያልቅ ግን «ለታዳጊዎች የተያዘው በጀት ዘንድሮ ወደ ዋናው ቡድን ዞሯል፤ ለሚቀጥለው ዓመት ይምጣ» ተባልኩ። በዚያው ሰሞን ክለቡ ስመ ጥር አጥቂ ማስፈረሙን በፌስቡክ ገጹ አበሠረ፤ ተጫዋቹ ብዕር ይዞ፣ ከጎኑ ሥራ አስኪያጁ ፈገግ ብሎ። ልጁ ፎቶውን በእኔ ስልክ ነው ያየው። «ጋሼ፣ እሱ እኮ ጎበዝ ነው» ብሎ ተከራከረኝ እንጂ ቅር አላለውም። የሚቀጥለውን ዓመት ግን አልጠበቀም። እንደ ብዙ የራያ ልጆች በአፋር በረሃ አድርጎ ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን፣ ሳዑዲ እገባለሁ ብሎ ወጣ። መርዶው የመጣው ከየመን ነው። አስከሬን በሌለበት ለቅሶ ተቀመጥን።

ገደላችሁት አላልኩም። ልጁን የገፋው ብዙ ነው። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ አንበጣ የደረሰ ማሽላችንን በላው። ዓመቱ ሳይወጣ ጦርነቱ ቆቦ ገባ፤ ጳጉሜን 4 ቀን ንጹሓን ወገኖቻችን ተገደሉ። በዓመቱ ደግሞ ከተማዋ ዳግመኛ ተያዘች። ደላላውም አለ። በእናንተ እጅ የነበረው አንድ በር ነው፤ ልጁ ሲመጣ ያ በር ተዘግቶ አገኘው። እኔም የምጠይቃችሁ ስለ በሩ ነው። በሩን የዘጋችሁበት ኮከብ ያን ያህል ያወጣል ወይ?

ኮከብ ተጫዋች ዋጋ የለውም ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ሲያነሣ ደስታው እዚህ ቆላ ድረስ ተሰምቷል። ሙጂብ ቃሲምን የመሰለ አጥቂ፣ ማሊያዊውን ሳማኬን የመሰለ ግብ ጠባቂ ሳይኖር ያ ዋንጫ ጎንደር አይገባም ነበር። ጎል ያለ አግቢ አይገኝም፤ ይህን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

ሒሳቡ ግን ይታይ። እኛ አገር ተጫዋች የሚፈርመው ባብዛኛው ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ነው። ውሉ ሲያልቅ ሻንጣውን ይዞ ወደ ሌላ ክለብ ይሄዳል፤ ክለቡ በምትኩ ሳንቲም አያገኝም። ስለዚህ የከተማው ሕዝብ የከፈለው ገንዘብ ሰኔ ላይ አልቆ ሐምሌ ላይ እንደ አዲስ ይጠየቃል። ገንዘቡ ደግሞ የማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። አብዛኞቹ የሊጉ ክለቦች በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት ተቋም በጀት የሚኖሩ ናቸው፤ የጎደለው ከነጋዴውና ከሠራተኛው በመዋጮ ይሞላል። ዓመቱ ሳይጋመስ ተጫዋቾቹ ራሳቸው «ደመወዝ አልተከፈለንም» ብለው ልምምድ ሲያቆሙ በየዓመቱ እንሰማለን። ኮከቡም አልተጠቀመ፣ ታዳጊውም አልተጠቀመ።

በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ ተሰብስባችሁ የአንድ ተጫዋች ወርኃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ስትወስኑ ተስፋ አድርገን ነበር። ተስፋችን ብዙ አልቆየም። በወረቀት ላይ 50 ሺህ የተጻፈለት ተጫዋች ከመጋረጃ ጀርባ ሌላ ገንዘብ እንደሚቀበል በኳሱ ዓለም ያለ ሰው ሁሉ ያወራ ነበር። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። በግልጽ የወጣ ገንዘብ ቢያንስ «ለምን?» ተብሎ ይጠየቃል። ተደብቆ የወጣው ግን ከየትኛው መደብ ተቀንሶ እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ እኔ ግን ከየት እንደሚቀነስ አይቻለሁ። መጀመሪያ የሚቀነሰው ጮኾ መከራከር ከማይችለው፣ ከ17 ዓመትና ከ20 ዓመት በታች ካለው ቡድን ነው።

«ኮከብ ደጋፊ ይስባል፣ ስታዲየም ይሞላል» ትሉ ይሆናል። የቱን ስታዲየም? መልቲቾይስ የሊጉን የቴሌቪዥን መብት ለ5 ዓመት በ22.5 ሚሊዮን ዶላር ከገዛበት ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ውድድሩ በተመረጡ ከተሞች በየተራ ሲካሄድ ኖሯል፤ አዳማ፣ ሐዋሳ፣ ድሬዳዋ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር። ኮከቡን በግብሩ የገዛው የከተማው ነዋሪ የገዛውን ተጫዋች ሲያይ የኖረው በዲኤስቲቪ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኖ፣ ከፍሎ ነው። የሜዳ መግቢያ ገቢ የለም፤ ሰፈር ውስጥ ሲለማመድ አይቶት እንደሱ ልሁን የሚል ልጅም የለም።

ወልድያ ለእኛ ለቆቦዎች ጎረቤት ናት፤ ስለዚህ ስለሷ ስናገር እንደ ራሴ ቤት ነው። ወልድያ ከተማ በ2007 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊግ ገብቶ በዚያው ዓመት ወረደ። በ2009 ተመለሰ። በዚያው ዓመት ጥር ላይ በሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አላሙዲ ስም የተሰየመው፣ ከ25 ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ተመረቀ፤ ከግማሽ ቢሊዮን ብር በላይ ወጥቶበታል። የራያ ቆላ ልጅ ሁሉ እዚያ ሣር ላይ ራሱን አየ። በ2010 መጨረሻ ክለቡ እንደገና ወረደ። ስታዲየም ነበረን፣ ደጋፊም ነበረን። ያልነበረን ከቆቦ፣ ከሮቢት፣ ከጎብዬ፣ ከሃራ፣ ከመርሳ ልጅ እየለቀመ፣ እያበላና እያስተማረ ለዋናው ቡድን የሚያደርስ ሥርዓት ነው። ያ ቢኖር ኖሮ ክለቡ ሊጉን ሲለቅ ልጆቹ አብረውት ይቆዩ ነበር፤ የተገዛ ተጫዋች ግን ከሚወርድ ክለብ ጋር አይወርድም።

ከፍ አድርገን አገርን ብናይም ያው ነው። ካፍ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የባሕር ዳርን ስታዲየም ካገደ ወዲህ ብሔራዊ ቡድናችን «የሜዳችን» የሚለውን ጨዋታ በሰው አገር ሲጫወት ኖሯል። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍነው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። ያን ቀን ሊሎንግዌ ላይ እንዳየነው ችሎታ አላጣንም፤ ገንዘብም አላጣንም። በየክረምቱ ለፊርማ የሚወጣው ገንዘብ የመልበሻ ክፍልና የመጫወቻ ሣር ሊሆን ይችል ነበር።

ይህ ጥያቄ የድሃ አገር ጥያቄ ብቻ እንዳይመስላችሁ አንድ የሩቅ ነገር ልጨምር። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በአሜሪካዋ ዴንቨር ብሮንኮስ የሚባል የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን አለ። በዚያ ጨዋታ ኳሱን የሚያከፋፍለው ኳርተርባክ ከሁሉ ይበልጣል። በዚያ ሊግ ቡድኖች ከኮሌጅ የሚወጡ ወጣቶችን በየዓመቱ በተራ ይመርጣሉ፤ ተራውንም እንደ ገንዘብ ሊለዋወጡበት ይችላሉ። በፈረንጆቹ 2022 ብሮንኮስ ራስል ዊልሰን የተባለውን ኮከብ ለማግኘት ሁለት የአንደኛ ዙር፣ ሁለት የሁለተኛ ዙር፣ አንድ የአምስተኛ ዙር የምርጫ ተራ፣ በዚያ ላይ ሦስት ተጫዋቾች ሰጠ። አንድ ጨዋታ እንኳ ሳይጫወትለት የ5 ዓመት፣ የ245 ሚሊዮን ዶላር ውል ጨመረለት። ዊልሰን ለብሮንኮስ ከተሰለፈባቸው 30 ጨዋታዎች ያሸነፈው 11 ነው። በ2024 አሰናበቱት፤ ያም ሆኖ 85 ሚሊዮን ዶላር በሒሳባቸው ላይ ቀረ። ያን ዓመት ቦ ኒክስ የተባለ ወጣት ከኮሌጅ መረጡና በመጀመሪያ ዓመቱ ወደ ጥሎ ማለፍ አገባቸው።

ተቃራኒውም አለ፣ አልደብቀውም። የሎስ አንጀለሱ ራምስ በ2021 ማቲው ስታፎርድን ለማምጣት ሁለት የአንደኛ ዙር ተራ፣ አንድ የሦስተኛ ዙር ተራና የራሱን ኳርተርባክ ሰጥቶ በመጀመሪያው ዓመት ሱፐር ቦውልን አነሣ። ራምስ ግን ቀድሞውኑ አሮን ዶናልድንና ኩፐር ካፕን የመሳሰሉ፣ ራሱ መርጦ ያሳደጋቸው ተጫዋቾች ነበሩት። ከሁሉ በላይ የጎደለው አንድ ሰው ነበር፤ ያን አንድ ሰው ገዛ። የእኛዎቹ ክለቦች የሚጎድላቸው አንድ ሰው ነው ወይ? ብሮንኮስ ከሰጠው አብዛኛው ደግሞ ገና ያልተመረጡ፣ ስማቸው የማይታወቅ ወጣቶችን ተራ ነው። የእናንተም ክፍያ እንዲያ ነው፤ ልዩነቱ እኛ የእነዚያን ልጆች ስም ማወቃችን ነው።

የራያ ገበሬ ክፉ ቀን ሲመጣ በሬውን ይሸጣል፣ ፍየሉን ይሸጣል፣ ለዘር ያስቀመጠውን ማሽላ ግን ልጆቹ እየራባቸው እንኳ አይነካም። አንበጣው ማሳውን ባዶ ባደረገበት ዓመት እንኳ እንደዚያ ነበር። እናንተ ጥጋብ ላይ ሆናችሁ ዘሩን ነካችሁ።

አቡበከር ናስርን አስታውሱ። በ2013 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል አግብቶ የዮርዳኖስ ዓባይን የ24 ጎል ክብረ ወሰን ሲሰብር ገና 21 ዓመቱ ነበር። ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ከደቡብ አፍሪካ መጥቶ ገዛው። አንድ ክለብ ወጣቱን አምኖ ካሰለፈው ኮከብ ለመግዛት ሳይሆን ለመሸጥ ይበቃል። እንደሱ ያለ ልጅ ቆቦ ላይ አላጣንም፤ የሚያሰልፈው ጠፋ እንጂ።

እንግዲህ የምጠይቃችሁን ልናገር። ከንቲባዎችና የቦርድ አመራሮች፣ ከተጫዋች ማስፈረሚያ በጀታችሁ አንድ አምስተኛውን ለታዳጊዎች ለዩት፤ ከለያችሁት በኋላ ማንም ሥራ አስኪያጅ ሊያዞረው የማይችል በምክር ቤት የጸደቀ መደብ ይሁን። ለሙከራ ለሚመጣ የገጠር ልጅ መኝታና ምግብ ይኑረው፤ ብዙ ልጅ የሚወድቀው በኳስ ሳይሆን በራብና በማደሪያ ማጣት ነው። አክሲዮን ማኅበሩ የክለቦችን ወጪ የሚገድብ መመሪያ ማውጣቱ መልካም ነው፤ ለዋናው ቡድን ፈቃድ ስትሰጡ ግን የታዳጊውን ቡድን በወረቀት ሳይሆን በሜዳ ቁጠሩት። ፌዴሬሽኑ ደግሞ ፊፋ ተጫዋችን ከ12 ዓመቱ ጀምሮ ላሳደገ ክለብ ካሳ የሚያስከፍልበትን ሥርዓት በአገር ውስጥ ዝውውርም ይተግብር። የአንድ የቆቦ ልጅ ፊርማ ለሚቀጥሉት ልጆች ኳስና ታኬታ የሚገዛ ከሆነ፣ እኛ የቀረውን እናደርገዋለን።

የስፖርት ቢሮው ሰዎች፣ ከእናንተ የምፈልገው ገንዘብ አይደለም። በክረምቱ የዝውውር ወቅት ባለሙያ ላኩልን። ቆቦ ላይ የምርጫ ቀን ወስኑና በራያ ቆላ ያሉ ልጆች በአንድ ሜዳ ይታዩ። አንዳቸውም ባይመረጡ እንኳ በአሠልጣኝ ዓይን መታየታቸው ብቻ አንድ ዓመት ያቆያቸዋል።

ሁላችሁም፣ የሚቀጥለውን ኮከብ ከማስፈረማችሁ በፊት የከፈላችሁትን ሙሉ ገንዘብና ገንዘቡ የተነሣበትን የበጀት መደብ ለሕዝብ ይፋ አድርጉ። ከዚያ ልጅ ጓደኞች መካከል ገና ያልሄዱ አሉ፤ መልሳችሁን ከመሄዳቸው በፊት አድርሱልን።