ሆት ሮድም ማኬሌሌ ያስፈልገዋል!

ዛሬ ከሣሩ ሜዳ ትንሽ ወጣ ብለን ወደ ሞተር ስፖርቱ፣ ያውም ወደ አሜሪካኖቹ ጋራዥ ጎራ እንላለን። አትደናገጡ፣ ከኳስ ብዙም አንርቅም። በነገራችን ላይ ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሪያል ማድሪድን የ2003 ግርግር ታስታውሳላችሁ አይደል? ክለቡ ዴቪድ ቤካምን ከማንቸስተር ዩናይትድ አስመጣና ክሎድ ማኬሌሌን ለቼልሲ ሸጠ። ማሊያው ተቸበቸበ፣ ጋዜጣው ደመቀ፣ ሜዳው ኮከብ በኮከብ ሆነ። ኳስ የሚነጥቅላቸው ሰው ግን ጠፋ። በ2003 ላሊጋውን የወሰደው ማድሪድ ቀጣዩን የላሊጋ ዋንጫ ለማንሳት እስከ 2007 ጠበቀ። ቼልሲ በበኩሉ ማኬሌሌን መሀል ሜዳ ላይ ተክሎ በ2005 እና በ2006 ፕሪሚየር ሊጉን አከታትሎ በላ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ትልቁን ስም ሳይሆን ክፍተቱን የሚሞላውን ግዛ!

ይህን ትምህርት ያልሰሙ የሚመስሉኝ ደግሞ ሆት ሮድ ሠሪዎች ናቸው። ሆት ሮድ ማለት የድሮ መኪና ተይዞ፣ ክብደቱ ተቀንሶ፣ ጉልበተኛ ሞተር ተገጥሞለት ለፍጥነት የሚዘጋጅ መኪና ነው። ጨዋታው ያደገው በካሊፎርኒያ ደረቅ ሐይቆች ላይ ነው። ከ1949 ጀምሮ ደግሞ የዩታው የቦንቪል የጨው ሜዳ የፍጥነት ሳምንት ይዘጋጅበታል። የጨዋታው ፔሌ የ1932ቱ ፎርድ ነው። ሲወጣ የነበረው ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር 3.6 ሊትር ሲሆን ጉልበቱ 65 የፈረስ ጉልበት ነበር። ለዘመኑ ጉድ የሚያሰኝ ነው፤ ለፍጥነት ሱሰኛ ግን አይበቃም።

በ1955 ሼቭሮሌ 4.3 ሊትር የሆነውን አነስተኛ ቪ8 ሞተሩን አወጣ። መነሻ ጉልበቱ 162 ነበር። በ1967 ደግሞ ታዋቂው 5.7 ሊትር ሞተር ተከተለ። ርካሽ፣ ቀላል፣ ዕቃው በየቦታው የሚገኝ! ከዚያማ የፎርድ አካል ውስጥ የሼቭሮሌ ልብ መትከል ፋሽን ሆነ። ፎርድና ሼቭሮሌ ማለት እኮ ጊዮርጊስና ቡና ናቸው። ዝውውሩ ሁለቱንም ደጋፊ ያናድዳል፣ ግን ይሠራል።

ወደ ገደለው ስንገባ፣ ችግሩ የሚጀምረው ሞተሩ ከገባ በኋላ ነው። የ1932 ፎርድ ኮፈን ጠባብ ነው። የቪ8 ሞተር ጭስ ደግሞ በሁለቱም ጎን ይወጣል። በግራ የመሪው ዘንግ ቁልቁል ይወርዳል። በቀኝ ታች ሞተሪኖው ተቀምጧል። ከሥር ሻንሲው አለ። ከኋላ ግድግዳው ደረቱን ነፍቶ ቆሟል። አራት የጭስ ቱቦ በዚህ መሀል አሳልፉ ሲባል ቅጣት ምት ላይ በተደረደረ ግድግዳ መሀል ኳስ እንደማሾለክ ነው።

እዚህ ላይ ሄደር የሚባለው ነገር ይመጣል። ከፋብሪካ የሚወጣው የብረት ማኒፎልድ የአራቱን ሲሊንደር ጭስ ባንድ አጭር ጉሮሮ ጨምቆ ያስወጣል። ሄደር ግን ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱን ቱቦ ሰጥቶ ወደፊት ላይ ያገናኛቸዋል። አንዱ ጭስ በፍጥነት ሲወጣ ከኋላው ክፍት ይፈጥርና ቀጣዩን ይስበዋል። ሞተሩ ይተነፍሳል፣ ጉልበት ይጨምራል። ቱቦው ረዘም ሲል ደግሞ ይህ መሳሳብ በመካከለኛ ዙር ላይ በደንብ ይሠራል። ስለዚህ ረጅሙ ሄደር ካታሎግ ላይ ኮከብ ነው። ሰውም እሱን አይቶ ይገዛል።

ከዚያስ? ከዚያማ አልገባ ይላል! ቱቦው መሪውን ይነካል፣ በመዶሻ ይደበደባል። ሻንሲውን ይነካል፣ ሻንሲው ይቆረጣል። ካንዴላ ለመፍታት ሄደሩ መውረድ አለበት ይባላል። ለጉልበት ተብሎ የተገዛ ዕቃ በመዶሻ ተጨፍልቆ ጉልበቱን ያጣል። ታዲያ ለምን ተገዛ?

የእኔ አቋም ይኸውላችሁ። ጠባብ ቦታ ላይ መጀመሪያ የሚመረጠው ጉልበት ሳይሆን መሪና ፍሬን ነው። አራት ነጥብ።

ለምን እንደሆነ ላስረዳ። ሞተር ዝም ብሎ አይቀመጥም። ነዳጅ ሲረገጥ ይጠማዘዛል፣ የእነዚህ አሜሪካን ቪ8 ሞተሮች ግራ ጎን ወደ ላይ ይነሳል። መሪው ያለው የት ነው? በግራ! መኪናው ቆሞ እያለ በፀጉር ስፋት ያመለጠ ቱቦ በሩጫ ላይ መሪውን ሊያገኘው ይችላል። ብረት ሲግል ደግሞ ይለጠጣል። ቢያንስ ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት የሌለው ሄደር፣ ለእኔ አልገባም ነው የሚባለው።

ፍሬኑን እንይ። የ1932 ፎርድ ሲወጣ ፍሬኑ በዘንግ የሚሠራ ነበር። ፎርድ የዘይት ፍሬን የጀመረው በ1939 ሞዴል ነው። ዛሬ የሚሠሩ ሆት ሮዶች በዘይት ፍሬን ይሄዳሉ፤ በብዙዎቹ ላይ ዋናው የፍሬን ፓምፕ ከወለሉ ሥር፣ ከጭስ ማውጫው ጎን ይቀመጣል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ እንኳ ከ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጀምሮ ሊፈላ ይችላል፤ እርጥበት ከጠጣ ደግሞ ከዚያ በታች። ጭስ ማውጫ ቱቦ ከዚህ በላይ መጋሉ የታወቀ ነው። ዘይቱ ሲፈላ አረፋ ይሆናል፣ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሰምጣል። በረኛ የሌለው ቡድን አስር አጥቂ ቢያሰልፍ ምን ዋጋ አለው?

ታዲያ ምን ይገዛ? አንደኛው አማራጭ አሜሪካኖቹ "ብሎክ ሃገር" የሚሉት አጭር ሄደር ነው። የሞተሩን ጎን አቅፎ ይወርዳል። ቱቦዎቹ አጭር ስለሆኑ የመሳሳቡ ጥቅም ትንሽ ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። ግን ይገባል! ሁለተኛው ከሼቭሮሌ የራሱ ጓዳ የወጣው፣ ቅርጹ የበግ ቀንድ የሚመስለው የብረት ማኒፎልድ ነው። ጭሱን መሀል ላይ አሰባስቦ ወደ ታች ይለቃል። ኮርቬትን በመሰለ ዝነኛ መኪና ላይ ተገጥሞ የሠራ ዕቃ ነው። አይጮህም፣ እንደ ስስ ቱቦ ቶሎ አይሰነጠቅም። እነዚህ ሁለቱ ናቸው የእኔ ማኬሌሌዎች።

"በቃ ረጅሙ ሄደር ዋጋ የለውም ማለት ነው?" የሚለኝ አይጠፋም። እንደሱ አላልኩም። መኪናው የጎማ ክዳን የሌለውና ለውድድር ብቻ የሚሮጥ ከሆነ ቱቦውን ከሻንሲው በላይ አሻግሮ ወደ ውጭ ማውጣት ይቻላል። ቦታ ካለ ረጅሙ ይግባ። ሌላም የሚያነሱት አለ፤ ከ1966 እስከ 1969 ሌ ማንን አራት ጊዜ በተከታታይ የበላው ፎርድ ጂቲ40። የትንሹ ቪ8 ጭስ ቱቦዎች ከግራ ወደ ቀኝ እየተሻገሩ ተጠላልፈው "የእባብ ክምር" የሚል ስም አውጥተው ነበር። ትክክል ነው። ግን ጂቲ40 ሞተሩን ከኋላ አድርጎ ከመነሻው ለውድድር የተነደፈ መኪና ነው። እናንተ የምትሠሩት ደግሞ ሌላ ሰው በ1932 በቀደደው ልብስ ውስጥ ነው። ባርሴሎና ስለተጫወተው ብቻ ቲኪ ታካ ሁሉም ቡድን ላይ አይሠራም።

ቱቦ ውፍረት ላይም ያው በሽታ አለ። መንገድ ላይ ለሚሄድ 5.7 ሊትር ሞተር 41 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ቱቦ ይበቃዋል። ሰፊው የተሻለ ይመስላቸዋል። ቱቦው ከሚገባው በላይ ሲሰፋ ግን ጭሱ ይዘገያል፣ በዝቅተኛ ዙር ጉልበት ይወርዳል። ከስፋቱ ይልቅ ቴስታታው ላይ የሚታሰረውን የብረት ሳህን ውፍረት እዩ። ስስ ከሆነ በሙቀት ይጣመማል፣ ጋስኬቱ ያፈሳል። ያ ጭስ ደግሞ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት፤ ጓዳው ከገባ ሹፌሩን ነው የሚያስተኛው።

የአሠራር ቅደም ተከተሉም ከቡድን ግንባታ አይለይም። ሞተሩ በራሱ እግር ላይ ይቀመጥ። መሪው፣ ሞተሪኖው፣ ፍሪሲዮኑ፣ የፍሬን መስመሩ ይገጠም። ካንዴላዎቹ ይታሰሩ፤ አንዳንዱ ቴስታታ ካንዴላውን ቀጥ፣ አንዳንዱ ዘንበል አድርጎ ስለሚይዝ ሄደሩ ሊነካው ይችላል። ከዚያ በኋላ የቀረው ክፍተት ይለካ። ሄደር የሚገዛው ያኔ ነው። ብዙዎች ግን ሄደሩን ቀድመው ገዝተው መኪናውን በሱ ልክ ሊሰፉ ይሞክራሉ። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነበር፤ ድስት ከተጣደ በኋላማ ለቅሶ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። የ1932 ፎርድ ሻንሲ አንዴ ከተቆረጠ ተቆረጠ ነው፤ ፋብሪካው ሌላ አይሠራለትም። ሹፌሩም ቢሆን መለዋወጫ የለውም። ለ20 የፈረስ ጉልበት ሲባል መሪ የሚነካ ቱቦ መግጠም ጀግንነት ተብሎ ሊጨበጨብለት አይገባም። ጭብጨባው ይገባ የነበረው ማንም ሳያየው ክፍተቱን ዘግቶ፣ ለሌሎቹ መጫወቻ ለሚሰጠው ነው።

ቸር እንሰንብት!