ተሰዳቢው ለምን ይዛወራል?

ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የበላይ ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ አቤት ባይን በማዛወር አቤቱታን ስለ መዝጋት

አንድ ዳይሬክተር ሰኞ ጠዋት በሥራ ክፍሉ ስብሰባ ላይ አንዲት ባለሙያ ያዘጋጀችውን ሪፖርት ጮክ ብሎ ያነባል። በየመስመሩ እየቆመ «ይህን ያስተማረሽ ማነው?» ይላል። ባልደረቦቿ አንገታቸውን ይደፋሉ፤ አንዳንዱም ለመወደድ ይስቃል። ቀጥሎ ስሟ ከሥልጠና ዝርዝር ይወጣል፣ የመስክ ሥራ አይደርሳትም፣ የስድስት ወር የሥራ አፈጻጸም ውጤቷም ያለ ማስረጃ ይወርዳል። ይህን አይቶ የማያውቅ የመንግሥት ሠራተኛ ካለ ገና ትናንት የተቀጠረ ነው።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ግን ዳይሬክተሩ አይደለም፤ ክፉ አለቃ የትም አለ። ያስጻፈኝ ባለሙያዋ አቤት ስትል የሚደረገው ነው። «በቅርብ ኃላፊሽ በኩል አቅርቢ» ትባላለች፤ የቅርብ ኃላፊዋ ደግሞ ራሱ ዳይሬክተሩ ነው። ቀጥሎ የሰው ሀብት «ቤተሰብ ነን፣ ተነጋግራችሁ ፍቱት» ብሎ ይሸመግላል። ሽምግልናን አልንቅም። ነገር ግን የአንዱን ውጤት ሌላው በሚሞላበት ቤት ዕርቅ ማለት አንደኛዋ ዝም ትላለች ማለት ነው። እምቢ ካለች ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ይሰበሰባል። እሱ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል እንጂ አይወስንም፤ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ምስክር ተብለው የሚጠሩትም ያን ሰኞ የሳቁት ናቸው። በመጨረሻ «ለሥራው አመቺነት ሲባል» የሚል ደብዳቤ ይደርሳትና መዝገብ ቤት ትገባለች። ዳይሬክተሩ ከወንበሩ ሳይነሳ ሌላ ባለሙያ ይመደብለታል።

የቀድሞው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ወሲባዊ ትንኮሳን በስሙ ጠርቶት ነበር። የዓለም ሥራ ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስምምነት ቁጥር 190 ደግሞ የሥነ ልቦና ጉዳት የሚያደርስ ድርጊት አንድ ጊዜ ብቻ ቢፈጸምም በትንኮሳ ይቆጥረዋል፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤትንም ይመለከታል። እኛ ቤት ግን ማዋረድ አለቃ ሲፈጽመው «ጠንካራ አመራር» ይባላል። ሥራህን በሰዓቱ አምጣ ማለት፣ ስህተትን ለይቶ ማሳየት በደል አይደለም። ሰውን በሰው ፊት ማሳነስ ሌላ ነገር ነው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም፣ አዲስ በጀትም አይፈልግም። አቤቱታ ከተከሳሹ እጅ ሳያልፍ በቀጥታ ይድረሳችሁ። ጉዳዩ እስኪጣራ የአቤት ባዩን ውጤት ሌላ ኃላፊ ይሙላ፤ ከቦታው የሚነሳ ሰው ካስፈለገም ተከሳሹ ይነሳ። ከየትኛው ሥራ ክፍል ብዙ ሰው ዝውውር እንደሚጠይቅ የሰው ሀብትን ጠይቁ፤ መረጃው ፋይሉ ውስጥ ነው፣ አቤቱታ ሳይመጣም ችግሩ ያለበትን ያሳያችኋል። የዝውውር ደብዳቤ ለፊርማ ሲቀርብላችሁ ደግሞ ሠራተኛው ከዚያ በፊት ቅሬታ አቅርቦ እንደሆነ አጣሩ። አቅርቦ ከሆነና ዝውውሩን ራሱ ካልጠየቀ፣ አትፈርሙ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ