ሴራሚክ የተባለው መጥበሻ ሸክላ አይደለም

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን አሳብ በአንባብያን አምድ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ነገሩ የመጥበሻ ነገር ስለሆነ አንዳንድ አንባቢ «ይህስ የጓዳ ወሬ ነው» ይል ይሆናል፤ ይሁን እንጂ የደመወዝተኛ ገንዘብ የሚያልቀው በጓዳ በኩል መሆኑን የማያውቅ የሥራ ባልደረባ ያለኝ አይመስለኝም።

ባለፈው ዓመት ባለቤቴ የቤታችንን ጥቁር ቴፍሎን መጥበሻ ልትጥል ተነሣች። ምክንያቷ ካንሰር ያመጣል የሚል ወሬ መስማቷ ነው። በምትኩ ነጭ ሴራሚክ ለመግዛት አብረን መርካቶ ወረድን። ነጋዴው «ጋሼ፣ ይኼ እኮ ሸክላ ነው፤ የእናቶቻችን ዕቃ ማለት ነው» ብሎ በጥቁሩ ዋጋ እጥፍ ሸጠልን። እኔም የሸክላን ስም ስሰማ ልቤ ስለ ረጋ ሳልከራከር ከፈልኩ። ስድስት ወር ሳይሞላው እንቁላሉ እየተጣበቀ በማንኪያ የሚፋቅ ሆነ። ስለ ዕቃው ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ፣ ቁጭት ይዞኝ ነው።

ለካ ሴራሚክ የሚባለው መጥበሻ ገላው አብዛኛውን ጊዜ እንደ ጥቁሩ ሁሉ አሉሚኒየም ነው። ሴራሚክ የተባለው ከላዩ ያለው ስስ ልባስ ሲሆን፣ ይኸውም የአሸዋ ዘር ከሆነው ከሲሊካ በኬሚካል ብልሃት ተዘጋጅቶ፣ ተረጭቶ የሚጋገር ነው። ከጭቃ ተሠርቶ በእሳት ከተተኮሰው ድስታችን ጋር ያለው ዝምድና የስም ያህል ነው።

ጥቁሩስ? ቴፍሎን የተሠራበትን ነገር በ1938 እ.ኤ.አ. ሮይ ፕላንኬት የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት ሳያስበው አገኘው። ወደ መጥበሻ ያመጣው ማርክ ግሬጓር የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ሲሆን፣ አሳቡን የሰጠችው ሚስቱ ናት ይባላል፤ ባለቤቴ ይህን ስታነብ ደስ እንደሚላት አውቃለሁ። የካንሰሩም ወሬ ከሜዳ የተነሣ አይደለም። ነገር ግን ነገሩ የተነሣው በልባሱ ሳይሆን፣ ልባሱ ሲሠራ ይገባ በነበረው ፒ.ኤፍ.ኦ.ኤ. በተባለ ሌላ ኬሚካል ነው። ይህ ኬሚካል በ2019 እ.ኤ.አ. በስቶክሆልም ስምምነት እንዲወገዱ ከተወሰኑት መዝገብ ገብቷል፤ በ2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ስለዚህ በካርቶኑ ላይ «ፒ.ኤፍ.ኦ.ኤ. የለበትም» የሚል ቢጻፍ፣ ዕቃው ቴፍሎን አይደለም ማለት አይደለም።

የቴፍሎን ጠላት ኃይለኛ እሳት ነው። ከ260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግል መበላሸት ይጀምራል፤ ከ350 ሲያልፍ የሚወጣው ጢስ በቤት የሚያዙ ወፎችን ይገድላል፣ ሰውንም እንደ ጉንፋን ያተኩሳል። ባዶ መጥበሻ በፋመ ከሰል ላይ ጥደን ሽንኩርት ለመክተፍ የምንቀመጥ ሁሉ ይህን ልብ ልንለው ይገባል። ሴራሚኩ የሚሻለው በዚህ ነው፤ ቢግል እንዲህ ያለ ጢስ የለውም። ያለመያዝ ጠባዩን ግን ከጥቁሩ ቀድሞ ያጣል። እንደ እኔ አስተያየት፣ በኤሌክትሪክ ምድጃ እሳት ቀንሶ፣ በእንጨት ማማሰያ ለሚሠራ ቤት ጥቁሩ በዋጋም በዕድሜም ይበልጣል። በከሰል የሚሠራ ሁለቱንም ትቶ ብረት መጥበሻ ይግዛ።

ደግሞስ የማይዝ ዕቃ ለእኛ አገር መቼ እንግዳ ሆነ? የእንጀራ ምጣድ ተሟሽቶ፣ በጎመን ዘር እየታሰሰ ስንቱን ዓመት ያገለግላል። ቢይዝም እንደገና ይሟሻል። የሴራሚኩ ልባስ ግን አንዴ ካለቀ ማን ያሟሸዋል?

ስለዚህ የንግድን ጉዳይ የሚመለከታቸው ባለሥልጣኖች፣ አስመጪዎች የልባሱን ዓይነትና የሚችለውን ሙቀት በካርቶኑ ላይ በአማርኛ እንዲጽፉ ቢያስገድዱልን እንለምናለን። ነጋዴውም ቢሆን ሳያውቅ እንደ ሸጠልኝ እገምታለሁ፤ እሱም ያነበበው ነገር አልነበረም።

ጥቁሩን መጥበሻ ባለቤቴ ለካ አልጣለችውም። ከቁም ሣጥን ላይ አውርዳ በለስላሳ እሳት እንቁላል ትጠብስበታለች፤ ነጩ ቆሎ መቁያ ሆኗል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ