ቡችላ የሚገዛው በብር ሳይሆን በሰዓት ነው

«ቡችላ ይሸጣል። ዕድሜ 45 ቀን። በጣም ተጫዋች። ዋጋ በውስጥ መስመር።» ቴሌግራም ላይ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ያላየ የአዲስ አበባ ልጅ ያለ አይመስለኝም። ፎቶው ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፤ ጆሮው የተንጠለጠለ፣ ዓይኑ አንጀት የሚበላ ትንሽዬ ነገር። ሥሩ የሚጻፉት አስተያየቶችም አንድ ዓይነት ናቸው። «ስንት ነው?» «አይቀንስም?» «ወንድ ነው ሴት?» የሚሸጠው ልጅ 45 ቀኑ መሆኑን እንኳን «ገና ነው እኮ፣ ቢያንስ ሁለት ወር ከእናቱ ጋር ይቆይ» የሚል የለም። ስለ ሰዓት የጠየቀ ሰው ደግሞ ጭራሽ አላየሁም።

የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው። ትምህርቱ ቋሚ ሥራ ባያስገኝልኝም (እሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል) አንድ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ተክሎ ሄዷል፦ የአንድ ነገር ዋጋ የተለጠፈበት ቁጥር ብቻ አይደለም፤ እሱን ለማግኘት ስትሉ የምትተዉትም ነገር ዋጋው ውስጥ ይገባል። ኦፖርቹኒቲ ኮስት የሚባለው ነው። የቡችላ ዋጋ የሚከፈለው በጠዋት እንቅልፍ፣ በምሳ ሰዓት፣ ከሥራ በኋላ ከጓደኛ ጋር በሚጠጣ ማኪያቶ ነው። ባለቤቱ ካልከፈለው ደግሞ ዕዳው አይሰረዝም፤ ያልተስማማ ሌላ ሰው ይከፍለዋል። ክርክሬ ይሄ ነው፤ አሁን ሒሳቡን እንሥራ።

አንድ ተራ የሥራ ቀን እንውሰድ። ጠዋት 1 ሰዓት ከቤት ትወጣላችሁ። ማታ የታክሲ ሰልፉንም የመንገድ መጨናነቁንም አልፋችሁ 1 ሰዓት ትገባላችሁ። 12 ሰዓት ሆነ። በአምስት ቀን 60 ሰዓት። የውሻ አሠልጣኞች የሚጠቀሙበት ቀላል ግምት አለ፦ ቡችላ ሽንቱን መያዝ የሚችለው በዕድሜው ወር ልክ፣ አንድ ተጨምሮበት ነው። የሁለት ወር ከሆነ ቢበዛ ሦስት ሰዓት፣ የሦስት ወር ከሆነ አራት። ስለዚህ በ1 ሰዓት ወጥታችሁ በ1 ሰዓት ለምትመለሱት ለእናንተ፣ የሁለት ወር ቡችላ በ4 ሰዓት፣ በ7 ሰዓትና በ10 ሰዓት ሰው ይፈልጋል። ምግቡም በቀን ሦስት አራት ጊዜ ተከፋፍሎ ነው የሚሰጠው፤ ያቺ ትንሽ ሆድ ጠዋት አንዴ ተሞልታ ማታን አትጠብቅም። እና ያ ሰው ማነው? ስሙን ጥሩልኝ።

ብዙ ቤት ውስጥ እዚህ ጋ ሲደረስ «ሠራተኛዋ አለች አይደል?» ይባላል። ሠራተኛዋ የተቀጠረችው ምግብ ልታበስል፣ ልብስ ልታጥብ፣ ልጅ ልትይዝ ነው። የቡችላ ሽንት መጥረግ ሲጨመር ደመወዟ ላይ ምን ተጨመረ? ውሻ የምትፈራ መሆኗንስ የጠየቃት አለ? ብትነከስ ማን ነው የሚያሳክማት? ግቢ ያለው «ዘበኛው አለ» ይላል። ኮንዶሚኒየም የሚኖረው ደግሞ ምንም ሳይል በሩን ቆልፎ ይሄዳል፤ ቀኑን ሙሉ የሚያላዝነውን ቡችላ የሚሰማው ግድግዳ የሚጋራው ጎረቤት ነው፤ ምናልባትም ሌሊት ተረኛ ሆና አድራ ልትተኛ የመጣች ነርስ። ኢኮኖሚስቶች ኤክስተርናሊቲ ይሉታል። በእኛ አነጋገር «አንተ ትበላለህ፣ እኔ እከፍላለሁ» ነው።

እኔና ታናሽ እህቴ ቆሎን (ስሙ ነው፤ መልኩ የተቆላ ገብስ ይመስላል) ከማምጣታችን በፊት ፍሪጁ በር ላይ ወረቀት ለጥፈን ነበር። እህቴ ባንክ ነው የምትሠራው፣ ሙሉ ቀን። እኔ ጠዋት ጠዋት አንድ ቢሮ ለኮንትራት ሥራ እገባለሁ፣ ከሰዓት ቤት ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ። የ7 እና የ10 ሰዓቱ ሣጥን በእኔ ተሞላ። የ4 ሰዓቱ ባዶ ቀረ። እሱን የሞሉልን ከእኛ ሥር ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ እናት ናቸው። በወር ተስማምተን እንከፍላቸዋለን፤ መጀመሪያ «ለውሻ ደግሞ ክፍያ!» ብለው ተቆጥተው ነበር፣ እንደምንም አሳመንናቸው። «ይኸው በስተርጅና የውሻ ሞግዚት ሆንኩላችሁ» እያሉ ይስቃሉ፤ ከሁለታችንም በላይ ሰዓት የሚያከብሩት ግን እሳቸው ናቸው። ያቺ ሣጥን ባትሞላ ቆሎን አናመጣውም ነበር። ይህን የወሰንነው ደግሞ ገና አንድም ፎቶ ሳናይ ነው። ፎቶ ከታየ በኋላ ሒሳብ የሚባል ነገር የለማ!

ሁለተኛው ወጪ የዓመት ፈቃድ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንድ ሠራተኛ ለመጀመሪያ ዓመት አገልግሎቱ 16 የሥራ ቀናት የዓመት ዕረፍት አለው። ያቺን ዕረፍት ለሠርግ፣ ለታመመ ዘመድ፣ ለክፉ ቀን እያልን ነው የምንቆጥባት። እህቴ ከእሷ ላይ አምስት ቀን ወሰደች። አለቃዋ ለምን እንደሆነ ሲጠይቃት «የቤተሰብ ጉዳይ» አለችው። ውሸት አይደለም፣ ነው እንዴ?

ብዙ ሰው ግን ፈቃድ ቢያገኝም አጠቃቀሙ ላይ ይስተዋል። ሳምንቱን ሙሉ ቡችላውን ከጉያው ሳያወርድ ይከርምና ሰኞ ጠዋት ድንገት ለ12 ሰዓት ይሰወራል። ከእናቱና ከወንድሞቹ ተለይቶ ለመጣ ፍጡር ይህ ሁለተኛ መለየት ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ዋና ሥራ ቡችላውን ብቻውን መሆን ማስለመድ ነው። ኮሪደር ላይ ወጥታችሁ አንድ ደቂቃ፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ ዳቦ ገዝቶ እስከመምጣት፣ ከዚያ አንድ ሰዓት። ስትወጡ የስንብት ሥነ ሥርዓት አያስፈልግም፤ ስትገቡም ጮክ ብሎ ማቀፍ የለም። መውጣታችሁና መመለሳችሁ ተራ ነገር ሆኖ ይታየው። ደግነቱ ተፈጥሮ ከእናንተ ጋር ናት፤ ቡችላ በቀን ከ18 እስከ 20 ሰዓት ይተኛል። ዘዴው እንቅልፉን ከሥራ ሰዓታችሁ ጋር ማገናኘት ነው። እኛ ቤት ሌሊት 11፡30 መነሳት ነው፦ ሽንት፣ ጨዋታ፣ ቁርስ፣ እንደገና ሽንት፣ ከዚያ የእኛ መልበስና መሯሯጥ። በሩ ሲዘጋ ቆሎ አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑ እየተጨፈነ ነው።

የሽንቱ ነገር አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ያለ ሊፍት፣ ቀላል አይደለም። ደረጃውን ወርዶ እስኪጨርስ አይጠብቅም። ስለዚህ መጀመሪያ በረንዳ ላይ ጋዜጣ አነጠፍን (ይህ ጽሑፍ በስልክ የሚነበብ መሆኑ ከዚያ ዕጣ አድኖታል)። እንደነቃ፣ እንደበላ፣ ተጫውቶ እንደጨረሰ ወደ ጋዜጣው ማድረስ፤ ቦታው ላይ ሲሸና ማመስገንና ትንሽ ነገር ማጉረስ። አፍንጫውን ሽንቱ ላይ ማሸትና መምታት ብዙዎቻችን እያየን ያደግነው ዘዴ ነው። ቡችላው ከእሱ የሚማረው ከእናንተ ተደብቆ ሶፋ ኋላ መሽናትን ነው። በረኪናም ሽንቱ ላይ እንዳትደፉ፤ ሁለቱ ሲገናኙ የሚያፍን ጋዝ ይወጣል። በሳሙናና በውኃ አጥቦ በኮምጣጤ ማበስ ይበቃል።

ስለ ምግብ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ውሻ የወጥ ትራፊ ነው የሚበላው ተብሎ የሚታሰብበት አገር ላይ ነን፤ ቀይ ሽንኩርት የሌለበት ወጥ ደግሞ የለንም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ናቸው፣ ቸኮሌትና ዘቢብም እንደዚያው። የተቀቀለ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ያለ ጨውና ያለ ሽንኩርት የተቀቀለ የሥጋ ቤት ቅንጥብጣቢ ከሩዝ ጋር ይወዳል፤ ለሚያድግ አጥንት ምን እንደሚጨመርበት ደግሞ የእንስሳት ሐኪሙን ጠይቁ።

የሚከብደው ነገር ሌላ ነው። ቡችላ ዓለምን «ይሄ አያስፈራም» ብሎ የሚመዘግብበት ጊዜ አጭር ነው፤ ከ3ኛው ሳምንት እስከ 14ኛው ሳምንት አካባቢ። በዚያ ጊዜ ያላየውንና ያልሰማውን ነገር ካደገ በኋላ ይፈራዋል፣ የፈራውን ደግሞ ይነክሳል። ችግሩ በዚያው ጊዜ ክትባቱ አላለቀም። የፓርቮና የዲስተምፐር ክትባት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ሲሆነው ተጀምሮ በየሦስት አራት ሳምንቱ እስከ 16 ሳምንት ይደጋገማል፤ የፓርቮ ቫይረስ ደግሞ መሬት ላይ ወራት ይቆያል፣ በጫማችንም ቤት ይገባል። መሬት ላይ እንዳይወርድ፣ ቤትም እንዳይታፈን፤ ታዲያ ምን ይሁን? በክንድ ተሸክሞ መውጣት ነው። ቆሎን በጋቢ ጠቅልለን ማታ ማታ ግማሽ ሰዓት እናዞረው ነበር። ባጃጅ፣ የጄኔሬተር ድምፅ፣ ጃንጥላ የዘረጉ ሰዎች፣ ዩኒፎርም የለበሱ ተማሪዎች፣ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር፣ አዛን። ቅዳሜ ጠዋት «ቆራሌው!» እያለ የሚያልፈውን ልጅ መጀመሪያ ሲሰማ ደረቴ ላይ ተንቀጥቅጦ ነበር። አሁን ጆሮውን እንኳን አያነሳም። ሙሉ ቀን የሚሠራ ሰው ይህን የሚያደርግበት ጊዜ ከሥራ በኋላ ያለችው ያቺው የደከመች አንድ ሰዓት ናት። ሌላ የለም።

ይህ ሁሉ የቅንጦት ወሬ የሚመስለው ሰው ይኖራል። ስለ እብድ ውሻ በሽታ እናውራ እንግዲህ። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው በሽታው በዓመት 59,000 ያህል ሰው ይገድላል፤ አብዛኛው ሞት በአፍሪካና በእስያ ነው። ወደ ሰው ከሚተላለፈው እስከ 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው፤ ከሚነከሱት 40 በመቶዎቹ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ባሌ ተራሮች ላይ ቀይ ቀበሮዎቻችንን በተደጋጋሚ ያረገፈውም ይኸው ከቤት ውሾች የሚሻገር በሽታ ነው። መከላከያው ደግሞ አንድ መርፌ ነው፤ ሦስት ወር ሲሞላው አንዴ፣ ከዚያ ሐኪሙ በሚሰጣችሁ ቀጠሮ ማደስ። ሰው ከተነከሰ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ማጠብና ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ተቋም መሄድ ነው። «ትንሽ ጫረኝ እንጂ» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

አሁን ሰዓት ያልተከፈለበትን ቡችላ ተከተሉት። ቀኑን ሙሉ ብቻውን የዋለ፣ ክትባቱ «በሚቀጥለው ደመወዝ» እየተባለ የተላለፈ፣ ሰው ሲያይ የሚጮህ። በአራት ወሩ ጥርስ ሲቀይር ቻርጀር ይበላል። በሰባት በስምንት ወሩ፣ ሴት ከሆነች፣ የሰፈሩ ወንድ ውሻ ሁሉ በር ላይ ይሰለፋል። ከዚያ አንድ ቀን «ገጠር ወሰድነው፣ እዚያ ሰፊ ሜዳ አለ» ይባላል። ይቺን ሜዳ ሁላችንም እናውቃታለን፤ ቀለበት መንገድ ዳር ናት። እዚያ የሚጠብቀው ረሃብ፣ መኪና፣ አንዳንዴም በየከተማችን እያየነው ያደግነው የመርዝ ሥጋ ነው። እዚያ የሚጠብቃቸው ደግሞ ትምህርት ቤት በእግራቸው የሚሄዱ ልጆች ናቸው። ዋጋውን ማን እንደከፈለ እዩት።

ከእኔ ጋር የማይስማሙ አሉ፤ እናታችን አንዷ ናት። «ውሻ ቦታው ውጭ ነው፣ ቤት ጸበል ይረጭበታል እንጂ ውሻ አይገባበትም» ትላለች፤ ልትጠይቀን ስትመጣም ቆሎ በረንዳ ላይ ይቆያል። እምነቷን አከብራለሁ። ግን ውጭ ማለት በአጭር ሰንሰለት ዕድሜ ልክ ማሰር ከሆነ፣ ሒሳቡ አልተቀየረም። ግቢ ውስጥ ያለ ቡችላም ያው ሦስት ሰዓት ብቻ ነው ሽንቱን የሚይዘው፣ ያው 14 ሳምንት ብቻ ነው ዓለምን የሚለምደው።

ወረቀት ለጥፋችሁ ሣጥኑ ካልሞላ ሁለት አማራጭ ይታየኛል። አንዱ ያደገ ውሻ መውሰድ ነው፤ ዓመት ያለፈው ውሻ የሥራ ቀኑን አጋማሽ ያለ ችግር ይይዛል፣ ጠባዩም ከወዲሁ ይታወቃል። ሌላው በር ላይ ያሉትን ማየት ነው። የእኛ ብሎክ መግቢያ ላይ ስድሳ ያህል አባወራ ትራፊ የሚጥልላቸው፣ ጥበቃዎቹም በስም የሚጠሯቸው ሦስት ውሾች አሉ፤ የማንም ያልሆኑ፣ የሁሉም የሆኑ። ባለፈው ወር በቴሌግራም ግሩፓችን ከየቤቱ ትንሽ ትንሽ አዋጣን፤ ሐኪሙ ቅዳሜ ጠዋት መጣ። ጥበቃው ሁለቱን በዳቦ አባብሎ ያዛቸውና ተከተቡ። ሦስተኛዋ ገና ሲሪንጁን ስታይ ከአጥር ሥር ሾልካ ሄደች። ለሚመጣው ቅዳሜ ሥጋ እንድገዛ ተመድቤያለሁ።