ስጦታ ወይስ መማለጃ? ስለ ከተማ ሹማምንትና ሠራተኞች ለውይይት የቀረበ አስተያየት



«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ከመካከላችን ያልሰማ አይገኝም። ስንስቅበት ኖረናል። ይሁን እንጂ ተረቱ የሚናገረው፣ ሹመት የሕዝብ አደራ መሆኑ ቀርቶ የሹሙ የግል እርሻ ሆኖ የቆየበትን ልማድ ነው።

አማን ለምንኖር ተማሪዎች ነገሩ እንግዳ አይደለም። የአገሩ ሰው «ዋስጣ» የሚለው፣ በዘመድና በወዳጅ አማላጅነት ጉዳይ የማስፈጸም ልማድ ከእኛው ደጅ ጥናት ጋር ወንድማማች ነው። ዮርዳኖስ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣችው የፀረ ሙስና ሕግ፣ የሌላውን መብት የሚያሳጣ ዋስጣ ወንጀል ነው ብላ ደነገገች። በ2016 ደግሞ የፀረ ሙስና ኮሚሽኑንና የሕዝብ አቤቱታ ሰሚውን መሥሪያ ቤት በአንድ ኮሚሽን አዋሐደች። ሕጉ ወጣ፤ ልማዱ ግን ጨርሶ አልለቀቀም።

ለዚህ ምስክሩ እኔው ራሴ ነኝ። ባለፈው ዓመት ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት ስሄድ፣ ከአገር ቤት የተላከልኝን አንድ ኪሎ ቡና ይዤ ነበር። «ጉቦ አይደለም፤ የአገሬ ቡና ነው» ብዬ ራሴን አሳመንሁ። ጸሐፊው በፈገግታ ተቀበለኝ፤ ወረቀቴም በዚያው ቀን አለቀ። ስወጣ ግን ከማለዳ ጀምራ ከፊቴ ተሰልፋ የነበረች፣ በሰው ቤት የምትሠራ እኅታችን «ነገ ተመለሽ» ተብላ አየኋት። ለእርሷ ነገ መመለስ ማለት አሠሪዋን እንደገና ፈቃድ መለመን ነው። የእኔን ቡና ዋጋ የከፈለችው እርሷ ናት።

እንግዲህ ስጦታ መማለጃ የሚሆነው መቼ ነው? አንዳንድ ጓደኞቻችን ልኩ የገንዘቡ መጠን ነው ይላሉ። እኔ አልስማማም። ወሳኙ፣ ተቀባዩ በሰጪው ጉዳይ ላይ ሥልጣን ያለው መሆኑ ነው። የሕክምና ተማሪ እንደመሆኔ አውቀዋለሁ፦ ድና ቤቷ የገባች እናት የምትልከው እንቁላል ምስጋና ነው፤ ተራዋን ስትጠብቅ የምታቀብለው እንቁላል ግን፣ ባታስበውም እንኳ፣ የሌላውን በሽተኛ ተራ ይገዛል።

ደግሞም ጥቅም ሁልጊዜ በእጅ አይሰጥም። የወንድሙን የቦታ ማመልከቻ ራሱ የሚመረምር የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ሳንቲም ሳይቀበል አድልቶ ሊወስን ይችላል። በአዲስ አበባ ሐምሌ 2014 ዓ.ም. ከ25 ሺህ በላይ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ ወጥቶ፣ መረጃው ተነካክቷል ተብሎ በቀናት ውስጥ ተሰረዘ። ከአፋቸው ነጥቀው ለዓመታት የቆጠቡ ሰዎች ያመኑት ዕጣውን ነበር፤ የተሰበረውም ይኸው እምነት ነው።

ሕግ የለም እንዳንል፣ የሀብት ማሳወቂያና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668 ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የፀረ ሙስና ስምምነትም፣ ሹማምንት የጥቅም ግጭት የሚያስከትል ትልቅ ስጦታ ሲቀበሉ እንዲያሳውቁ አባል አገሮች እንዲጥሩ ይጠይቃል። የጎደለው በየመስኮቱ የሚሠራበት ቀላል ደንብ ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ጉዳይ ካለው ሰው ምንም ስጦታ አይወሰድ፤ ለመመለስ የማይቻል ከሆነ በመዝገብ ይጻፍ፣ መዝገቡም ለሕዝብ ክፍት ይሁን። ሁለተኛ፣ የዘመድ ወይም የሽርክና ጉዳይ የቀረበለት ሠራተኛ አስታውቆ ከውሳኔው ይውጣ። ሦስተኛ፣ ይህ ከከንቲባው እስከ ዘበኛው እኩል ይሠራ።

«ደመወዙ አይበቃውምና ምን ያድርግ?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ደመወዝ ማነሱ እውነት ነው። ነገር ግን ጉድለቱን እየሞላ ያለው መንግሥት ሳይሆን ከሠራተኛው ይበልጥ የደኸየው ባለጉዳይ ነው። ደመወዝ ይጨመር ማለት አንድ ትግል ነው፤ ድሃው ይክፈል ማለት ግን መፍትሔ አይደለም።

በመጨረሻም ከራሳችን እንጀምር። የማኅበራችን ኮሚቴ የችግር ጊዜ ብድር ሲያከፋፍል፣ የአመልካቹ ዘመድ ወይም የክፍል ጓደኛ የሆነ አባል ድምፅ እንዳይሰጥ በሚቀጥለው ስብሰባ እንወስን። ነገ ተመልሰን ወንበር ላይ የምንቀመጠው እኛው ነን። ዛሬ በመቶ ዲናር ያልለመድነውን ነገ በከተማ ቦታ ላይ አንለምደውም።

የሚቃወም ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍ፤ እንወያይበት።