«በሩን ዘግተው ነው የበለጸጉት» ላለኝ ተማሪዬ

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ እዚሁ ገጼ ላይ ኮመንት ጻፈ። ስሙን አልጠራም። ጎበዝ ልጅ ነበር፣ አሁንም ጎበዝ ነው። ዲቪ ደርሶት ከመጣ ዐሥራ ምናምን ዓመት ሆኖታል፤ ቤት ገዝቷል፣ ልጆች ወልዷል። ያለው በአጭሩ ይሄ ነው፦ «ቲቸር፣ አሜሪካ ታላቅ የሆነችው በ1920ዎቹ በሯን ስትዘጋ ነው። ያኔ ሁሉም ሰው መኪና ገዛ፣ ሬዲዮ ገዛ። አሁንም መፍትሔው መዝጋት ነው። እርስዎ ራስዎ አይደሉ እንዴ ያስተማሩን?»

ስልሳ ምናምን ሰው ላይክ አድርጎታል። ግማሾቹ የኔው ተማሪዎች ናቸው።

ሦስት ቀን ዝም አልኩ። ሌሊት ፓርኪንጉ ውስጥ ተቀምጬ ሳስበው የከነከነችኝ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ነች። እውነቱን ነዋ! አስተምሬያለሁ። ሰሌዳው ላይ «1920ዎቹ፦ የድሎት ዘመን» ብዬ ጽፌ፣ ሥሩን አስምሬ፣ አራት ነጥብ ዘርዝሬ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ አልፌያለሁ። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ግማሹ ሙግት፣ ግማሹ የራሴን ስህተት ማረሚያ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

መጀመሪያ እውነት የሆነውን ልስጥህ። አዎ፣ ሀገሩ ተለውጧል። በ1920ው ቆጠራ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሕዝቡ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የከተማ ነዋሪ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ዓመት ሴቶች የመምረጥ መብታቸው በሕገ መንግሥቱ ጸና። በዚያው ዓመት ፒትስበርግ ውስጥ ኬዲኬኤ የተባለው ጣቢያ የምርጫ ውጤት በሬዲዮ አሰማ፤ በ1930 ከ10 ቤት 4ቱ ሬዲዮ ነበረው። በ1908 ዋጋው 850 ዶላር የነበረው የፎርድ ሞዴል ቲ በ1925 ርካሹ 260 ዶላር ገባ። በአስር ዓመት ውስጥ የተመዘገበው መኪና ከ8 ሚሊዮን ገደማ ወደ 23 ሚሊዮን ደረሰ። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ማንም አይክደውም።

ግን «ሁሉም ሰው» የምትለዋን ቃል ከየት አመጣሃት?

ብሩኪንግስ የተባለው የጥናት ተቋም በ1934 ያወጣው ጥናት አለ። በ1929፣ ማለትም ድሎቱ ጫፍ ላይ በደረሰበት ዓመት፣ ለአንድ ቤተሰብ መሠረታዊ ኑሮ ያስፈልጋል የተባለው ገቢ 2,000 ዶላር ነበር። 60 በመቶ ገደማ የሚሆነው ቤተሰብ ከዚያ በታች ያገኝ ነበር። አየህ? ከ10 ቤተሰብ 6ቱ! ታዲያ መኪናው በምን ተገዛ? አብዛኛው በዱቤ። በኢንዲያና ግዛት በመንሲ ከተማ ሊንድ የተባሉ ባልና ሚስት ባደረጉት የታወቀ ጥናት፣ ያረጁ ቤቶች ውስጥ ከሚኖሩ መኪና ካላቸው 26 ቤተሰቦች 21ዱ መታጠቢያ ገንዳ አልነበራቸውም። በር ላይ ፎርድ ቆሟል፣ ገላ የሚታጠቡት ግን በባልዲ ነው። እኛ እዚህ ሀገር ስንቱን እንዲህ ዓይነት ኑሮ እያየን ነው!

ገበሬውስ? እኛ የገበሬ ልጆች ነንና እሱን መጠየቅ ነበረብን። በጦርነቱ ጊዜ እህል ተፈላጊ ስለነበር ተበድሮ መሬት ገዛ፣ ትራክተር ገዛ። በ1920 እና 21 የእህል ዋጋ ተንኮታኮተ፤ ዕዳው ግን ባለበት ቆመ። ኮንግረስ ዋጋውን የሚደግፍ ሕግ ሁለት ጊዜ አሳለፈ፤ ፕሬዚዳንት ኩሊጅ በ1927 እና በ1928 ሁለቱንም ጊዜ ሻረው። ከ1921 እስከ 1929 ከ5,000 በላይ ባንኮች ተዘግተዋል፣ አብዛኞቹ የገጠር ትንንሽ ባንኮች ናቸው። ያኔ የተቀማጭ ገንዘብ መድን የሚባል ነገር በሀገር ደረጃ አልነበረም፤ ባንኩ ሲዘጋ የዕድሜ ልክ ቁጠባ አብሮ ይሄዳል። ከተማው በኤሌክትሪክ ሲንቦገቦግ በ1930 ከ10 እርሻ ቤት 9ኙ ገደማ መብራት አልነበረውም። ለነዚህ ሰዎች የመከራው ዘመን በ1929 አልጀመረም። ዘጠኝ ዓመት ቀድሞ ቤታቸው ገብቶ ነበር።

ጥቁሩንስ? በ1921 ተልሳ ውስጥ ግሪንዉድ የተባለው የጥቁሮች ሰፈር፣ ሱቁም ሆቴሉም ቤተ ክርስቲያኑም፣ ሠላሳ አምስት ብሎክ ያህል ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ውስጥ ተቃጠለ። በ1925 ኩ ክለክስ ክላን በዋሽንግተን ጎዳና በሺዎች ሆኖ፣ ፊቱን እንኳ ሳይሸፍን፣ በጠራራ ፀሐይ ሰልፍ ወጣ። ያ ጎዳና እኔና አንተ በየሳምንቱ የምንነዳበት ፔንስልቬንያ አቬኑ ነው። እኛ አፍሪካውያን ያንን ዘመን «ወርቃማ» ስንለው ትንሽ እንኳ አንደነግጥም?

አሁን ወደ በሩ ልምጣ። «ዘጉና በለጸጉ» ማለት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ዓመቶቹን ደርድር። ፎርድ ተንቀሳቃሹን የመገጣጠሚያ መስመር የጀመረው በ1913 ነው። በሩ ክፍት በነበረበት ጊዜ ማለት ነው። በ1914 የዚያ ፋብሪካ አብዛኛው ሠራተኛ ውጭ ሀገር የተወለደ ነበር፤ ኩባንያው እንግሊዝኛ የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት እስከ መክፈት ደርሷል። በሩን በጠባቡ የዘጋው ሕግ የወጣው በ1921፣ የጠረቀመው ደግሞ በ1924 ነው። ሲዘጋም ቢሆን ለሁሉም አልተዘጋም፤ ሜክሲኮ ከኮታው ውጪ ተደረገች። ለምን? የደቡብ ምዕራቡ ባለ ሰፋፊ እርሻ ርካሽ ጉልበት ፈልጎ ነዋ! ለፋብሪካው ደግሞ ከደቡብ የተሰደደው ጥቁር ሠራተኛ መጣ። የመጨረሻው የኮታ ቀመር በሥራ ላይ የዋለው በ1929 ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ የአክሲዮን ገበያው ወደቀ። በሩ መዘጋቱ ነው ገበያውን የጣለው አልልም፤ እንደሱ ብል ያንተን ስህተት ገልብጬ መድገሜ ነው። ግን ለድሎቱ ምስጋናውን ለተዘጋው በር መስጠትም አትችልም።

በሩ የተዘጋው በማን ላይ ነው? ኮታው የተሰላው በ1890ው ቆጠራ ነው። ለምን የ34 ዓመት አሮጌ ቆጠራ? ጣሊያኑ፣ አይሁዱ፣ ፖላንዱ በብዛት ከመምጣቱ በፊት ስለሆነ። ጀርመን በዓመት 51,227 ተፈቀደላት። ጣሊያን 3,845። የእስያ ሰው ጭራሽ ተከለከለ። ኢትዮጵያስ? 100።

አንድ መቶ። ያውም ለማንም ሀገር ከሚሰጠው ሁሉ ትንሹ ቁጥር ስለሆነ።

«እኔ እኮ በሕጋዊ መንገድ ነው የመጣሁት» እንደምትለኝ አውቃለሁ። ልክ ነህ። ግን በ1924 የተዘጋው እኮ ሕጋዊው መንገድ ነው! አንተና እኔ የመጣንበት መንገድ የተከፈተው ያ ኮታ በ1965 ሲሻር፣ ከዚያም በ1990ው ሕግ ዲቪ ሲመጣ ነው። «አሁን ዜጋ ነኝ፣ አይነካኝም» የሚልም ካለ ባጋት ሲንግ ቲንድን ያስታውስ። ሕንዳዊ ነው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለአሜሪካ ሠራዊት አገልግሏል። በ1923 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ «ነጭ አይደለህምና ዜጋ ልትሆን አትችልም» ብሎ ወሰነበት። ከዚያ በኋላ ዜግነት አግኝተው የነበሩ ሌሎች ሕንዶችም ወረቀታቸውን ተነጠቁ።

አህያዋ «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ብላለች ይባላል። እሷስ ሞታ ነው። እኛ ሰርዶው መሀል ቆመን፣ ጠግበን፣ አይብቀል እንላለን? ይህን ላይክ ካደረጋችሁት ውስጥ ስንቶቻችሁ በየዓመቱ ለታናሽ ወንድም፣ ለእኅት ልጅ ዲቪ ትሞላላችሁ? ፎቶውን ስታስተካክሉ፣ ውጤቱ ሲወጣ እጃችሁ ሲንቀጠቀጥ አላየሁም?

ስለ ስደት ፖሊሲ መከራከር ይቻላል። ስንት ሰው ይግባ፣ በምን ሥርዓት ይግባ፣ የቤት ኪራይና ደሞዝ ላይ ምን ያመጣል፣ እነዚህ ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። እኔም ሁሉም ይግባ አላልኩም። የምለው፣ ከታሪክ ማስረጃ ስትጠራ ሙሉውን ጥራው። አማካዩን ይዘህ ስድስቱን ቤተሰብ አትርሳ።

ያንን ሰሌዳ ዛሬ ባገኘው «የድሎት ዘመን» ከሚለው አጠገብ «ለማን?» ብዬ እጨምርበት ነበር። ይህቺን አንድ ቃል ስላልጻፍኩ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ኮመንቱ ክፍት ነው። ተሟገቱኝ፣ ቁጥር ከተሳሳትኩ አርሙኝ። ስድብ ግን አጠፋለሁ። አንተም ልጄ አትቀየም፤ እሑድ ከሥራ ነፃ ነኝ፣ ደውልና ቡና እየጠጣን እንጨቃጨቅ።