ከመስኮቷ ሥር

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ልጆች «በርገር!» ብለው ከተነሡ እናንተም እንደኛ ብዙ የመከራከር አቅም አይኖራችሁም። ባለፈው ቅዳሜ ተሸንፈን ገርጂ አካባቢ ከምትቆም አንዲት የምግብ መኪና ፊት ተሰለፍን። አሮጌ ሚኒባስ ናት፤ ጎኗ ተቆርጦ መስኮት ወጥቶላታል፣ ጄነሬተሯ ከኋላ ያጉረመርማል። ያሏት አራት የፕላስቲክ ጠረጴዛዎች ብቻ ናቸው። ቦታ ካጣችሁ መኪናችሁ ውስጥ ተቀምጣችሁ መብላት ነው፤ የወንበሩ ጨርቅ ግን በራሳችሁ ኃላፊነት!

ስሟን አልጽፍም፤ ለምን እንደሆነ ዝቅ ብላችሁ ታገኙታላችሁ።

ከጥሩው ልጀምር። ዳቦው ቅቤ ተቀብቶ ምጣዱ ላይ ስለሚሞቅ አይላሽቅም። ሽንኩርቱ ቡናማ እስኪሆን ቀስ ብሎ የበሰለ ነው። ከማዮኔዝ ጋር የተመታችው አዋዜ ደግሞ የቤቱ ዋና ሙያ ናት፤ ባለቤቴ ሁለት ጊዜ አስጨመረ። ቺፕሱ ግን ቀድሞ ተጠብሶ የተቀመጠ፣ የለዘዘ ነው፤ ይቅርባችሁ። ብር የሚቀበለውና ዳቦ የሚነካው ልጅ የተለያዩ መሆናቸው ደስ ብሎኛል፤ በአንድ ጓንት ሁለቱንም የሚያደርጉ ስንት ቦታ አይቻለሁ። ለአራት በርገር፣ ለሁለት ቺፕስና ለለስላሳ 2,300 ብር ከፈልን።

ከዚያ የስድስት ዓመቷ ልጄ በርገሯን ገምጣ «እማዬ፣ ውስጡ ቀይ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ መሃሉ አልበሰለም።

«ክትፎ እንበላ የለም እንዴ?» ትሉኝ ይሆናል። ባለቤቴም ያለው ይህንኑ ነው። እኔም ለብለብ እወዳለሁ፤ ግን አውቄ፣ ለራሴ መርጬ ነው የምበላው። ሙሉ ሥጋ ላይ ጀርሙ በአብዛኛው የሚገኘው ከላዩ ነው፤ ሲጠበስ ይሞታል። ሲፈጭ ግን የላዩ ወደ መሃል ይገባል። በ1993 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በደንብ ካልበሰለ በርገር በመጣ ኢ. ኮላይ ከ700 በላይ ሰዎች ታመው አራት ሕፃናት ሞተዋል። ይህ ባክቴሪያ የትንንሽ ልጆችን ኩላሊት ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል። በዚያው አገር የተፈጨ የበሬ ሥጋ መሃሉ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲደርስ ይመከራል። ቴርሞሜትር ይዞ እራት የሚወጣ የለም፤ ቀለሙም ሙሉ ዋስትና አይሆንም። ቢሆንም የልጅ በርገር ሳይበላ ለሁለት ከፍላችሁ እዩት።

ይዤው ወደ መስኮቷ ተመለስኩ። ጠባሹ ወጣት አልተከራከረኝም። «ይቅርታ እናት፣ ሰው ሲበዛ ቸኩለን ነው» ብሎ በአዲስ ሥጋና በአዲስ ዳቦ ሠራላት። የሌሎቻችንን ገምሰን አየን፤ በስሏል። ችግሩ ግልጽ ነው፦ ሥጋውን በእጅ ስለሚያድቦለቡሉት አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን ይሆናል፤ ሁሉም ግን እኩል ደቂቃ ነው ምጣድ ላይ የሚቆየው። በአንድ መለኪያ የሚስተካከል ነገር ነው። ለዚህ ብዬ ገና የሚፍጨረጨሩ ልጆችን በአንድ ቅዳሜ ጥፋት ስም ላጠፋባቸው አልፈለግሁም።

እንሄድ ይሆን? አዎ፣ ግን ሰልፉ ሳይበዛ፣ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ። ስታዝዙም «የልጅ ነው፣ ቀጭን አድርጋችሁ በደንብ አብስሉት» በሉ። የትዕዛዙ ወረቀት ላይ ሲጽፉት ካላያችሁ ድገሙላቸው።

ልጄ አዲሱን ግማሽ ድረስ በልታ መኪና ውስጥ እንቅልፍ ወሰዳት። የቀረውን ማን እንደጨረሰው ባለቤቴን ጠይቁት።